በጥርስ ዘር መቁጠር

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከእናቷ ጋር ወደ ማኅበራችን ቤት መጥታ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ወረቀት አሳየችን። በወረቀቱ ላይ አይጥ የምትመስል ጸጉራም እንስሳ ከዳይኖሰር እግር ሥር ስትሮጥ ተሥላለች። ከሥዕሉ በታች እንስሳዋ የታወቀችው በጥርሷ ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ልጅቱም «ታዲያ ጸጉሯን ማን አየው?» አለች። እናቷ አፍረው ዝም ሊያሰኟት ሞከሩ። እኛን ግን ጥያቄው ስለከነከነን፣ ተማሪ ሳለን ወደምናዘወትረው ቤተ መጻሕፍት ተመልሰን «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2013 በአንድ ዕትም ያወጣቸውን ሁለት ጽሑፎች አነበብን። የዛሬው ትችታችን በእነርሱ ላይ ነው።

አስቀድመን ነገሩን እናስረዳ። የጥርስ ሽፋን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ጠንካራ በመሆኑ ሌላው አጥንት አፈር ከሆነ በኋላም ይቆያል። በዳይኖሰር ዘመን ከነበሩት የአጥቢ እንስሳት ዘመዶች ብዙዎቹ እንደ አይጥ ያሉ ትናንሾች ስለነበሩ ጥርሳቸው ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። የሚገኘውም አፈሩን በውኃ አጥቦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ የቀረውን በማይክሮስኮፕ እያዩ በመልቀም ነው። ከምስር ጠጠር የለቀመ ሰው ድካሙን ይረዳዋል። የእንሽላሊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሹል ብቻ ነው፤ እየወለቀም ደጋግሞ ይተካል። የአጥቢ እንስሳ መንጋጋ ጥርስ ግን ከአንድ በላይ ሥር፣ በላዩም ጉብታና ሸለቆ አለው፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር እንደ ዘነዘናና ሙቀጫ ይገጥማል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ከአንዲት ጥርስ ብዙ ያነባል።

ብዙ ማለት ግን ሁሉንም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ፕሊኒንገር የተባለ ጀርመናዊ በሽቱትጋርት አጠገብ ለተገኙ ጥቃቅን ጥርሶች «ትንሽ ቀማኛ» የሚል የግሪክኛ ስም አወጣላቸው። ስሙ በሌላ እንስሳ የተያዘ ሆኖ ስለተገኘ ተለወጠ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካዊው ሲምፕሰን «ሐራሚያ» አላቸው፤ በዓረብኛ ሌቦች ማለት ነው። አገር በገባበት ቀን ስሙ የተለወጠበት ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ሙር 3 ቶን ያህል አፈር አስጭኖ ከሠላሳ ያነሱ ጥርሶች ለቀመ። እንዲህ እየተባለ ለ150 ዓመት ከተበታተኑ ጥርሶች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልተገኘም። የትኛው የላይ፣ የትኛው የታች እንደሆነ እንኳ ያከራክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጄንኪንስና ባልደረቦቹ ከግሪንላንድ ጥርሶቹን የያዘ የመንጋጋ አጥንት ይዘው ቀረቡ፤ የላዩና የታቹም ያኔ ተለየ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጽሑፎች እንመለስ። ሁለቱም ከቻይና የተገኙ፣ ዕድሜያቸው ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ፣ ከሐራሚያ ወገን ናቸው የተባሉ እንስሳትን ያቀርባሉ። የዜንግ ቡድን አርቦሮሐራሚያ የተባለውን እንስሳ ይዞ፣ እነዚህ ከአጥቢዎች ቤት ውስጥ ናቸው ይላል። የዦው ቡድን በበኩሉ ሜጋኮነስ የተባለውን ይዞ፣ የለም፣ ከቤቱ ውጭ ያሉ የሩቅ ዘመዶች ናቸው ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ አጥቢዎች የጀመሩት ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ብዙ ቆይተው የመጡ ናቸው።

ሁለቱንም የምንነቅፋቸው ፍርዱን በርዕሳቸው ላይ ስለሰቀሉት ነው። አንባቢው ማስረጃውን ሳያይ ውሳኔውን ይሰማል። በተለይ የዜንግ ጽሑፍ በሁለት ረድፍ ለተደረደሩት የጥርስ ጉብታዎች ትልቅ ክብደት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ጥርስ ሌሎች ጥንታዊ እንስሳትም ነበሯቸው፤ ምግባቸው የተቀራረበ እንስሳት ዝምድና ሳይኖራቸው ተመሳሳይ ጥርስ ሊያበቅሉ ይችላሉ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ጥርስም አባትህ ማነው ሲሉት የበላሁት ይህ ነው ብሎ ይመልሳል። ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ የእኛ ሽማግሌ በዚህ ብቻ ጋብቻ አይፈቅድም ነበር።

የዦው ቡድን ይሻላል የምንለው ከጥርስ አልፎ ወደ ጆሮ በመሄዱ ነው። በእኛ ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አጥንቶች በጥንት ዘመዶች ከመንጋጋ ጋር ተያይዘው ነበር፤ በሜጋኮነስም አልተላቀቁም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያው የግሪንላንዱ መንጋጋ በራጅ ስካን እንደገና ሲመረመር፣ እነዚያ አጥንቶች ያርፉበት የነበረው ቦይ ታየበት፤ ይህም «ከቤቱ ውጭ» ያሉትን ደገፈ። ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ የቻይናዎቹና የግሪንላንዱ በእውነት አንድ ወገን ናቸው ወይ የሚሉም አሉ።

የልጅቱ ጥያቄ መልስ የተገኘው በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሜጋኮነስ ባረፈበት ድንጋይ ላይ የጸጉሩ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል፤ ረጅሙም ከሥሩ ያለው ለስላሳውም ይታያል። በወረቀቷ ላይ ያለችውን እንስሳ ጸጉር ግን ያየ የለም፤ ሠዓሊው ከዘመዶቿ ተውሶ አለበሳት። ይህንኑ ስንነግራት ወረቀቱን ተቀብላ ከሥዕሉ ጎን በእርሳስ «ጸጉሩ የዘመድ ነው» ብላ ጻፈችበት።