«ዘፋኙን አውጣልኝ፣ ባንዱን ተውልኝ»

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላል ያገራችን ሰው። የሙዚቃ ቀረጻም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ ሕግ ሲተዳደር ቆይቷል። ዘፋኙ፣ ሳክስፎኑ፣ ጊታሩና ከበሮው አንድ ጊዜ በአንድ ሸክላ ላይ ከተዋሐዱ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ዛሬ ግን የሚለይ መጥቷል። ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ሶፍትዌር ያለቀለትን ዘፈን ይቀበልና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ አድርጎ ያስረክባል። ሥራው ይደንቃል ወይስ አይደንቅም ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ይደንቃል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከተለያዩ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው? የማንስ ነው?

ነገሩ የባሕር ማዶ ወሬ እንዳይመስል ከሰፈር ልነሣ። ሳሪስ አቦ ውስጥ፣ ከዋናው የቃሊቲ መንገድ ገባ ብሎ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለች። በሠርግ ወራት ወደዚች ቤት የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛው የሠርግ ዘፋኝ ሲሆን ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው፤ «ዘፋኙን አውጣልኝ፣ ባንዱን ተውልኝ።» ከዚያ የሚወጣውን በለመድነው ቋንቋ «ክላሲካል» እንለዋለን። ሞዛርትን ማለታችን አይደለም፤ ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ማለታችን ነው። ኪቦርድ ተጫዋች ተቀጥሮ ቀናት ይፈጅ የነበረው ቅንብር አሁን አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ይደርሳል። ለሠርግ ዘፋኙ እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን «ባንዱን ተውልኝ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ባንዱ እዚያው ይቀራል፤ ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ለመሆኑ ይህ መለየት እንዴት ይሠራል? ቀድሞም አንድ ዘዴ ነበር። በስቴሪዮ ቀረጻ ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝ ድምፅ ማጉያ እኩል ይሰማል ማለት ነው። የቀኙን ሞገድ ገልብጠው ከግራው ጋር ሲደምሩት እኩል የሆነው ሁሉ ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም አብሮ ይሄዳል። ችግሩ መሐል የተቀመጡት ቤዝና ከበሮም አብረው መሄዳቸው ነው። ሸክላው ሞኖ ከሆነማ ሁለቱ ወገን አንድ ስለሆነ የሚተርፈው ዝምታ ብቻ ነው። አዲሱ መንገድ ከዚህ ይለያል። ክፍሎቻቸው ተለይተው የተቀመጡ ብዙ ዘፈኖች ለማሽኑ ይሰጡትና ድብልቁን ከክፍሎቹ ጋር እያስተያየ ይማራል። የፈረንሳዩ ዲዘር ኩባንያ «ስፕሊተር» የተባለውን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ከፌስቡክ ተመራማሪዎች «ዴሙክስ» ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እስከ ሳሪስ ድረስ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደበትም።

ለበጎ መዋሉን የሚያሳይ ታላቅ ምሳሌ አለ። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መገባደጃ በቤቱ ፒያኖ እየመታ በካሴት የቀረጸው አንድ ዘፈን ነበር። የቢትልስ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ሊያጠናቅቁት ሞክረው ፒያኖው ድምፁን ስለዋጠው ተዉት። በኋላ ማሽኑ ድምፁን ከፒያኖው አላቀቀላቸውና «ናው ኤንድ ዜን» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። እዚያ ግን ካሴቱን የሰጠችው ባለቤቱ ናት፤ ሥራውን የጨረሱት የገዛ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስሙም ከነክብሩ ተጽፏል።

ወደ እኛ ስንመለስ ነገሩ ይወሳሰባል። ይህ ማሽን አራት መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን ነው ብንል ያስኬዳል። የመጀመሪያው ድምፅ፣ ሁለተኛው ከበሮ፣ ሦስተኛው ቤዝ፣ አራተኛው ደግሞ «ሌላ» ይባላል። በኋላ ጊታርና ፒያኖ የተጨመረላቸውም አሉ። ለማስተማሪያና ለመመዘኛ በዘርፉ እጅግ የታወቀው ስብስብ 150 ዘፈኖች፣ በጠቅላላው 10 ሰዓት ገደማ የሚሆን ሙዚቃ የያዘ ሲሆን፣ አብዛኛው የምዕራባውያን ፖፕና ሮክ ነው። እንግዲህ መሲንቆ የት ይግባ? ክራርስ? ዋሽንትስ? የነሐስ መሣሪያዎቻችንስ? ሁሉም «ሌላ» ውስጥ ይታጨቃሉ። የሙዚቃችን ነፍስ ያለው ግን እዚያው «ሌላ» በተባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይህን ለመፈተሽ አንዳንድ የታወቁ ሥራዎችን አስገብቼ አዳመጥሁ። መጀመሪያ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ለካይፋ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ በአውሮፓ የታወቀው «ኧረ መላ መላ» ነበር። ቤዙ ለብቻው ሲወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ዓመት የሰማሁት ዘፈን አዲስ ሆነብኝ። ማሕሙድ ዜማውን እንደ ልቡ እየጎተተና እየለቀቀ የሚሄደው ያ ቤዝ ከሥሩ መሬቱን አጽንቶ ስለያዘለት ነው። ይህን የመሰለውን ነገር ጆሮ ብቻውን ይስተዋል፤ ማሽኑ እንደ ማጉያ መነጽር ያሳያል። ድምፁ ለብቻው ሲወጣ ግን ጥላው ተቆርጦ የወደቀ ሰው መሰለ። ጠርዙ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይርገበገባል፤ የነሐሱ ጭራ ከዜማው መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰማል። በዚያ ዘመን ዘፋኝና ባንድ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ማይክሮፎን ነበር የሚቀረጹት። አንዱ የሌላው ማይክሮፎን ውስጥ ገብቷል። የተለየ ክፍል ቀድሞውንም አልነበረም፤ ማሽኑ ያልነበረውን ፈጥሮ ነው የሚሰጠን።

ከሁሉ የገረመኝ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው ይህ ሰው ሽለላንና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ዘፋኝ የሌለበትን አንዱን ሥራውን አስገብቼ ማሽኑን «ድምፁን አውጣ» ብለው፣ የድምፅ መሳቢያው ባዶ አልሆነም። የሳክስፎኑ ሐረጎች እየተቆራረጡ እዚያ ተቀምጠዋል። መሐንዲሶቹ ይህን ስሕተት ይሉታል። እኔ ግን ከሰማኋቸው ሒሶች ሁሉ ትክክለኛው ነው እላለሁ። ማሽኑ ሳያውቀው የመሰከረው ጌታቸው በመሣሪያው ሲፎክር እንደነበረ ነው። የአዝማሪን ቀረጻ ስሞክርም መሲንቆው ከድምፁ አልላቀቅም አለ። ከአንድ ደረት የወጣውን ዜማ ድምፁም ጭራውም እኩል ይዘውት ሲሄዱ የቱ ላይ ይቆረጣል?

በተቃራኒው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ብቻውን እየደራረበ የሠራው ካሴት አለ። እዚያ ክፍሎቹ መጀመሪያም ለየብቻቸው የተቀረጹ ናቸውና መለየቱ ወደ ትውልዳቸው መመለስ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ፍርድ አይታለፍም፤ ሥራው እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ይጠይቃል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ የማን ነው? በብዙዎቹ የድሮ ሸክላዎችና ካሴቶች ሽፋን ላይ ዘፋኙ በፎቶግራፍ፣ ባንዱ በስም ይገኛሉ። ቤዙን የመታው ማነው ቢሉ ግን መልስ የለም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሲባል ከመሥሪያ ቤቱ ስም በስተጀርባ ስንት ሰው ተሸፍኖ ቀርቷል! «አጃቢ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከኋላ የሚከተል ያስመስላቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዘፋኙ ጋር የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቹንም በባለ መብትነት ያውቃል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ግን ሕጉም ስሙም አይሰማም። ቀድሞ አጃቢው ስሙ ባይጻፍም ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይኖር ነበር፤ አሁን ዘፋኙ ሲወጣ እሱ ስም የሌለው ዕቃ ሆኖ፣ ቁልፉ ከፍ ዝቅ እየተደረገ፣ ለማንም ድምፅ ወለል ሆኖ ይነጠፋል።

ማሽኑ ይታገድ የሚል ሰው አይደለሁም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ የዚያን ዘመን ቤዝ ለብቻው ሰምቶ ቢያጠናው ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይማርበታል። የምለው መለየቱ ለማዳመጥ ይሁን፣ ማዳመጡም ለመጠየቅ ይሁን ነው። ያ ቤዝ ለብቻው ሲሰማ የሚከተለው ጥያቄ «ማነው ይህ ሰው?» መሆን አለበት። ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ባልደረባ ስም ያስታውሳሉ። ዘፋኙን ከባንዱ ማሽኑ ይለይልን። ስሙን ከመርሳት መለየት ግን የኛ ሥራ ነው፤ ለዚህኛው እስካሁን ሶፍትዌር አልተሠራለትም።