ስድስተኛው ምክርና ሰባተኛው

ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1766 ያሳተመው «ስለ ክርስቲያናዊ ፍጹምነት ግልጽ ማብራሪያ» እንደ መጽሐፍ ሲመዘን የተጣጣፈ ልብስ ነው። ከ1725 ጀምሮ የሄድኩበትን የሐሳብ መንገድ እተርካለሁ ብሎ ይነሣና፣ የራሱን የቀድሞ ጽሑፎች፣ መዝሙሮችና የጉባኤ ጥያቄና መልሶች እየቀደደ ይሰፋበታል። ድግግሞሹ ያሰለቻል። ወደ መጨረሻው ግን ቅድስናን አገኘን ለሚሉ አማኞች የተሰጡ ምክሮች አሉ፤ እኔ የመጽሐፉን ልብ ያገኘሁት እዚያ ነው።

መጀመሪያ ከትዕቢት ተጠበቁ ይላል። ቀጥሎ የራሳችሁን ምናብ የእግዚአብሔር ድምፅ አታድርጉ ይላል። ስድስተኛው ከመለያየት ያስጠነቅቃል። አለባበስ የሚነሣው ገና በሰባተኛው ነው፤ እሱም ከገንዘብ አያያዝ ጋር ተጎራብቶ።

መጽሐፉን ያስነሣኝ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ በሴለም ከተማ ማዕከሏን ያደረገች ትንሽ ቤተ እምነት ናት፤ የአሌጌኒ ዌስሊያን ሜቶዲስት ኅብረት። የዌስሊን የቅድስና ትምህርት አጥብቃ ይዛለች፤ በአለባበስና በጌጣጌጥም ጥብቅ ናት። ሥሯ ወደ 1843 ይመለሳል። ያኔ ኦሬንጅ ስኮትና ባልደረቦቹ፣ ባርነትን መቃወም አስቸጋሪ ካደረገችባቸው እናት ቤተ ክርስቲያን ወጥተው በዩቲካ ከተማ ዌስሊያን ሜቶዲስትን መሠረቱ። የ1848ቱ የሴቶች መብት ጉባኤ በሴኔካ ፎልስ የተካሄደው በእነሱ ጸሎት ቤት ነበር። በ1853 አንቶይኔት ብራውን ለአገልግሎት ስትሾም የሰበከውም የእነሱ ሰው ሉተር ሊ ነው። (ይህን ታሪክ የሚያውቅ ወጣት ስንት ነው?)

በ1968 ዌስሊያን ሜቶዲስት ከፒልግሪም ሆሊነስ ጋር ሲዋሐድ የአሌጌኒ ሰዎች አንገባም አሉ። ሥልጣን ወደ ማእከል ይሰበሰባል፣ የኑሮ ሥርዓቱም ይላላል ብለው ሰጉ። ይህን ስጋት የሚያናንቁ አሉ፤ እኔ አላናንቅም። የ1843ቶቹም የሸሹት ከጳጳሳት ሥልጣን ጭምር ነበርና።

ነገር ግን በስድስተኛው ምክር እንመዝናቸው። ዌስሊ እዚህ ላይ መለያየት የሚለው በመጀመሪያ የእርስ በርስ ፍቅር መቀዝቀዝን እንጂ ከድርጅት መውጣትን ብቻ አይደለም። የ1843ቱ መውጣት ስለ ተሸጠው ወንድም ነበር፤ በዚህ ሚዛን ይቆማል። የ1968ቱ ግን ስለ ማን ነበር? ለራስ ንጽሕና ከሆነ፣ መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ አልጭንም። ዌስሊ ልብስንና ገንዘብን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር፣ የቱ ለቁጥጥር እንደሚመች አላሰበም። ቀሚስ ከበር ላይ ይታያል፤ የባንክ ደብተር አይታይም። ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ስለ ቀሚስ ርዝመት የተከራከርን ሁሉ፣ ስለ ደመወዛችን ስንት ጊዜ እንደ ተከራከርን እናውቃለን።

መጽሐፉን የምታገኙ ወጣቶች ከምክሮቹ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በኋላ ተመለሱባቸው፤ ሰውዬው በ1725 ምን እንዳስጨነቀው ያኔ ይገባችኋል።