ልብ ከመቆሙ በፊት

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሕመምተኛ ልብ ቆሞ «ኮድ ብሉ» ተብሎ ሲጠራ ኮሪደሩ በሩጫ ይሞላል። አንዱ ደረት ይጫናል፤ ሌላዋ አየር ትሰጣለች፤ ከጎን የቆመው ደቂቃ ይቆጥራል። በአገሪቱ ተኝተው ሲታከሙ ልባቸው የሚቆም አዋቂዎች በዓመት ወደ 290 ሺህ ይጠጋሉ። በሕይወት ከሆስፒታል የሚወጡት ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። የከባድ ሕሙማንን ሥቃይና ጭንቀት የሚያቀልሉት የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሕመምተኛው በቬንቲሌተር እየተነፈሰ፣ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ነው።

በዚህ የተነሳ መዝገቡ ሙያውን ያሳጣዋል። ልባቸው ቆሞ ከተመለሰላቸው ሰዎች መካከል የማስታገሻ ቡድን ያያቸው፣ ካላያቸው ይልቅ በብዛት ሲሞቱ ይታያል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ አተረጓጎሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡድኑ የሚጠራው ተስፋ ሲመነምን ከሆነ፣ ሞቱን በቡድኑ ማሳበብ የነፍስ አባት በገቡበት ቤት ሁሉ ሐዘን አለ ብሎ ካህኑን እንደ መውቀስ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ቡድኑ መቼ ተጠራ? ልቡ ከመቆሙ በፊትስ ሕመምተኛውን «ምን ትፈልጋለህ?» ያለው ሰው ነበር?

ደረትን ተጭኖ ልብን የማስነሳት ዘዴ መጀመሪያ የተሞከረባቸው ሰዎች ከዛሬዎቹ ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዊልያም ካውንሆቨን፣ ጄምስ ጁድና ጋይ ኒከርቦከር ዘዴውን ሲያሳትሙ ከ20 ሕሙማን 14ቱ መትረፋቸውን ዘገቡ። ብዙዎቹ በማደንዘዣና በቀዶ ሕክምና ወቅት ልባቸው በድንገት የቆመ ሰዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን ሆስፒታል ውስጥ ልቡ የቆመ ሁሉ፣ ካንሰር በመላ አካሉ የተሰራጨበትም ጭምር፣ «አይደረግ» የሚል ትእዛዝ ካልተጻፈለት በቀር ደረቱ የሚጫን ሆነ። በ1983 ከቦስተኑ ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል የወጣ ጥናት 294 ሕሙማንን መዝግቦ በሕይወት ከሆስፒታል የወጡት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ሌላ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት በአሜሪካ የሆስፒታል ድራማዎችና መሰል ዝግጅቶች ላይ ልባቸው ከቆመው ሁለት ሦስተኛው ሲድኑ ቆጥሯል። ቤተሰብ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ይህን ምስል ይዞ ነው።

ጥበቡ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ልቡ ቢቆም ሁሉንም እናድርግለት?» የተባለ ልጅ ምን ሊመልስ ይችላል? «አይሆንም» ማለት አባቱን መክዳት ይመስለዋል። የተካነ ባለሙያ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና በመጀመሪያ «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነገረዎት?» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይሰማል። «በጣም የሚያሰጋዎት ምንድን ነው? ጊዜው አጭር ቢሆን ምን ማድረግ ይወዳሉ?» ብሎ ይቀጥላል። አንዱ የልጁን ሠርግ ለማየት ሲል መከራውን ሁሉ ይቀበላል። ሌላዋ በማሽን መተንፈስን አጥብቃ ትጠላለች፤ የምትሻው ቤቷን ብቻ ነው። ምክሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ከባለሙያው አፍ መውጣት አለበት። «የነገሩኝን ስሰማ፣ ልብዎ ቢቆም ደረትዎን ባንጫን ይሻላል እላለሁ፤ ሕመምዎን ግን እስከ መጨረሻው እናስታግሳለን» የሚል ባለሙያ ሸክሙን በልጆች ትከሻ ላይ ጥሎ አይሄድም። ዝርዝር አቅርቦ «ምረጡ» ማለት የሕመምተኛን መብት ማክበር ይመስላል፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን ትርፉ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጸጸት ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል፦ አስቀድሞ የሚነገረው ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ነው፤ በሌሊትም አይነገርም። መርዶ ወግና ሥርዓት ባለው ሕዝብ ዘንድ «ልብዎ ቢቆምስ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ሟርት ይመስላል። አስተዋይ ባለሙያ «ስለ ሕመምዎ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብሎ ያስፈቅዳል። ሕመምተኛው ልጁን ከወከለ፣ ውክልናው ራሱ የእሱ ውሳኔ ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ ዕድሜ ያሳጥራል ብለው የሚፈሩ አሉ። በ2010 የታተመው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጥናት ይህን ፍርሃት ያረግባል። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና የታከለላቸው በመካከለኛ (ሚዲያን) ስሌት 11.6 ወር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር ኖሩ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል በመጨረሻ ቀናቸው የበዛ ሕክምና የተደረገባቸውም ያነሱ ነበሩ። ወሬው ሲቀር ግን የሕመምተኛው ፈቃድ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ከዚያ በፊት፣ በ1995፣ በአምስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ሕመምተኛቸው ደረቱ እንዲጫን እንደማይፈልግ የሚያውቁ ሐኪሞች ከግማሽ በታች መሆናቸውን አጋልጦ ነበር።

ልቡ ከተመለሰ በኋላም መቸኮል ነውር ነው። ራሱን ስቶ የቀረ ሰው አንጎሉ ምን ያህል እንደሚያገግም ለመተንበይ መመሪያዎች ቢያንስ 72 ሰዓት መጠበቅን ይመክራሉ። በእነዚያ ቀናት የማስታገሻ ባለሙያው ሥራ ቤተሰቡን ማስወሰን አይደለም፤ አብሮ መቀመጥ፣ ዛሬ የታየውን መናገር፣ ነገ የሚጠበቀውን ማስረዳት ነው።

ከባድ ሕመም ያለበት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ የማስታገሻ ቡድን እንዲያየው ሐኪሙን ጠይቁ፤ ይህ ሌላውን ሕክምና አያስቆምም። መናገር ሲያቅተው ማን እንዲናገርለት እንደሚፈልግም ዛሬውኑ ጠይቁት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በጽሑፍ አስፍሩት፤ ከ1991 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ሆስፒታሎች ይህን መብት ለሕመምተኛው ሲተኛ እንዲያሳውቁት ያስገድዳል።