ዋዛና ዲጂታል ዲሌይ

በአሶሳና በአካባቢው የሚኖሩት የበርታ ሰዎች ከቅል የሚሠሩት መለከት ዋዛ ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ ቀልድ ማለት ቢኾንም ነገሩ ከቀልድ የራቀ ነው። እያንዳንዱ መለከት በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፥ ዜማው የሚገኘው ዐሥር ያህል ነፊዎች አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው እየሞላ ሲነፉ ነው።

ይህን ተመላላሽ ዜማ ከዘመኑ የሉፕ አጨዋወት ጋራ አንድ ነው ማለት ለጆሮ ይቀላል። ሮበርት ፍሪፕና ብራያን ኢኖ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ የተጠቀሙት በሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ነበር። ኋላ የመጣው ዲጂታል ዲሌይ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ ያስቀምጥና በጊዜው ይመልሰዋል፤ ተጫዋቹም በላዩ እየደረበ ብቻውን ማኅበር ይኾናል። ነገር ግን የዙሩ ርዝመት አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ የሚከተለው ኹሉ ለርሱ ይገዛል። የዋዛ ነፊ ግን የሚከተለው ጓደኛውን ነው፤ ቢፈጥን ይፈጥናል፥ ቢዘገይ ይዘገያል።

አንዲት መለከት ብቻ ቀርጾ በዲሌይ ማባዛትማ ከቶ ዋዛን አይሰጥም፤ አንድ ድምፅ ቢደጋገም ያው አንድ ድምፅ ነውና። መለከቶቹን ኹሉ በየተራ ነፍቶ የሚደርብ ሰው ዜማውን ያገኝ ይኾናል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ግን በዚያ የለም።

መደረብን ግን በጅምላ አልነቅፍም። ሲምሃ አሮም በማዕከላዊ አፍሪካ የባንዳ ሊንዳን የቀንድ መለከቶች ሲያጠና እያንዳንዱ ነፊ የሌላውን ክፍል በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ እንዲነፋ አድርጎ ለየብቻ ቀርጿል፤ ዓላማው ለትንታኔ እንጂ ማኅበሩን ለመተካት አልነበረም። አሶሳ የሚወርድ ተማሪም አስቀድሞ ማኅበሩን በሙሉ ይቅረጽ፤ ከዚያ በኋላ ይለያይ።