የማይመሳሰሉ ግራፊክስ ካርዶች በአንድ መኪና፤ በደቦ ምሳሌ ላይ የቀረበ ሒስ

ሰው የግል ኮምፒዩተሩን ሥራ ፈት ሰዓት በፈቃዱ ለሳይንስ ምርምር የሚለግስበት አሠራር በተማሪዎች መካከል ሲነሣ፤ ወዲያው የሚጠቀሰው ምሳሌ ደቦ ነው። ምሳሌው መልካም ነው። ሳይመረመር ስለሚነገር ግን ሁለት ተቃራኒ አሳቦች በላዩ በቅለዋል። አንደኛው ወገን ማንኛውም ግራፊክስ ካርድ ከማንኛውም ጋር ቢሰካ ኃይላቸው እንዲያው ይደመራል ይላል። ሁለተኛው ወገን ካርዶቹ በስምና በትውልድ ካልተመሳሰሉ ከቶ አብረው አይሠሩም ይላል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱንም ልንመረምር ተነሥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለተኛው ወገን አሳብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ኤስኤልአይ ብሎ የሰየመው አሠራር ሁለት ካርዶች የአንድ ጨዋታን ሥዕል ተከፋፍለው እንዲሥሉ ያደርግ ነበር፤ ለዚህም ካርዶቹ ተመሳሳይ መሆን ነበረባቸው። የደብረ ታቦር ዙሪያ ገበሬ ይህን ነገር በመቀናጆ ያውቀዋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። በሬዎቹ በቁመትና በጉልበት ከተበላለጡ ቀንበሩ ያዘነብላል፤ ጠንካራውም በደካማው እርምጃ ይታሰራል። በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖልም በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ ሲጎተት እንዲሁ ነበር፤ ሸክሙ አንድ ስለሆነ ጎታቹ ሁሉ በአንድ እርምጃ መሄድ ነበረበት።

በፈቃድ ሒሳብ ግን ቀንበር የለም። በ2002 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ቦይንክ የተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱን የሥራ ድርሻ ይሰጠዋል፤ አንዱ ካርድ የሌላውን መኖር ማወቅ አያስፈልገውም። እንግዲህ የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ካርዶች በአንድ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊሠሩ ይችላሉ። ችግር የሚፈጥረው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ የማይመሳሰሉ ካርዶች ሲያጋጥሙት ቦይንክ ካልታዘዘ በቀር የሚያሠራው ብርቱውን ብቻ ነው። ሁሉንም እንዲያሠራ በማስተካከያው ፋይል ውስጥ «ዩዝ ኦል ጂፒዩስ» የሚለው ትእዛዝ መጻፍ አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለተኛው ካርዱ ቦዝኖ ሲያይ «አይሠራም» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም።

ወደ አንደኛው ወገን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የካርዶች ኃይል በአንድ ቁጥር አይለካምና። በ2012 ለገበያ የቀረበው ራዲዮን ኤችዲ 7970 በተራው ሒሳብ በሴኮንድ 3.8 ትሪሊዮን ያህል ስሌት ይሠራል፤ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 ደግሞ 8.9 ትሪሊዮን ያህል። ብዙ አሐዝ ይዞ በሚያሰላው በድርብ ጥራት ሒሳብ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሮጌው 947 ቢሊዮን ያህል ሲሠራ አዲሱ 277 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። አሮጌው 250 ዋት አዲሱም 180 ዋት እንደሚጠጡ ቢታሰብ እንኳ፤ በዚህ ሥራ በአንድ ዋት ብዙ የሚያመርተው አሮጌው ነው። በተራው ሒሳብ ግን አዲሱ በዋት ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ «የትኛው ካርድ ይሻላል» ከማለት በፊት «ለየትኛው ሥራ» መባል አለበት። የሚያሳዝነው ግን ድርብ ጥራትን አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ሚልኪዌይ አት ሆም በ2023 የግራፊክስ ካርድ ሥራውን ማቆሙ ነው፤ የአሮጌው ካርድ ክብር አብሮ ወረደ።

ደቦ የሚለው ምሳሌ የሚሰነጠቀው በፎልዲንግ አት ሆም ላይ ነው። ይህ ድርጅት በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ ሲሆን የፕሮቲኖችን እንቅስቃሴ ያሰላል። ብዙ ስሌቶች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፤ በዚህ በኩል በእርግጥ ደቦ ነው። በእያንዳንዱ ስሌት ውስጥ ግን ድርሻዎቹ ተከታታይ ናቸው፤ የፊተኛው ተሠርቶ ሳይመለስ የኋለኛው ሊወጣ አይችልም። ዘገምተኛ ካርድ አንዱን ድርሻ ይዞ ሲቆይ ያ መስመር ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ፈጥኖ ለመለሰ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ካርድ በቀን የሚያገኘው ነጥብ ሁለት እጥፍ ሳይሆን 2.8 እጥፍ ያህል ነው።

ምክንያቱ ይገባናል፤ ውጤቱን ግን አንወደውም። የደቦ ጠሪ ምሳውንና ጠላውን ሲያቀርብ የማጭድ ብዛት አይቆጥርም፤ በወንፈልም ቀን በቀን ይመለሳል እንጂ የጎበዝ ቀን ከደካማ ቀን በሁለት ተኩል አይበልጥም። ነጥቡን የሚያይ ተማሪ ትንሹን ካርዱን «ለምን ልድከም» ብሎ ይነቅለዋል። ትንሹ ካርድ ግን ፕሮሰሰሩን ካልተሻማው ወይም ካላሞቀው በቀር የትልቁን ነጥብ አይነካም፤ እያንዳንዱ ካርድ የሚመግበው አንድ የፕሮሰሰር መስመር ከተገኘለት ይበቃዋል። ለተሠራው ሥራ መጠን ብቻ ነጥብ መስጠት ለበጎ ፈቃደኛ የተሻለ ፍርድ ይመስለናል።

የማይመሳሰሉ ካርዶች ሌላ ጣጣም አላቸው። ቦይንክን የሚጠቀሙ ብዙ ምርምሮች አንዱን ድርሻ ለሁለት ኮምፒዩተሮች ሰጥተው ውጤቱን ያመሳክራሉ፤ ልዩ ልዩ ካርዶች ግን በመጨረሻዎቹ አሐዞች ላይ ጥቂት ሊለያዩ ይችላሉ። አንዳንዱ ምርምር ጥቂት ልዩነትን ይታገሣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ድርሻውን ለተመሳሳይ መኪናዎች ብቻ ያድላል።

በደብረ ታቦር ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ብርዱን ብቻ አይመን። ከተማይቱ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በሁለቱ ካርዶች መካከል ክፍተት መተው፤ የኃይል ማከፋፈያውም ሁለቱን የሚችል መሆኑን በዋት ደምሮ ማየት ይገባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሥራውን በየጊዜው የሚያስቀምጥና የማስረከቢያ ቀኑ ረዘም ያለ ምርምር ለአሮጌው ካርድ ይመረጥለት፤ የሚቸኩለውን ሥራ አዲሱ ይውሰድ።