መርፌው ከወጣ በኋላ

ደረቅ መርፌ የጡንቻን ሕመም ያስታግሣል፤ የሚያድነው ግን ሌላ ነገር ነው። በሙያው ውስጥ ያለሁ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ይህን መናገሬ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ ላይጥማቸው ይችላል፤ ማስረጃው የሚመራኝ ግን ወደዚሁ ነው። የምንጠቀምበት መርፌ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ ድፍን ስለሆነ መድኃኒት አያስተላልፍም። ባለሙያው ጡንቻውን በጣቱ እየዳሰሰ የጠጠረውንና ሲጫኑት ሕመሙ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደውን ነጥብ ይፈልጋል። ከአንገት ወደ ትከሻ በሚወርደው ጡንቻ፣ በትራፔዚየስ፣ ላይ ያለ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲነካ ሕመሙ እስከ ጆሮ ግንድ ድረስ ሊሰማ ይችላል። መርፌው ነጥቡን ሲያገኘው ጡንቻው ሳይታዘዝ ለቅጽበት ይርገበገባል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለአንድ ሁለት ቀን ቢጠዘጥዝም፣ ብዙ ሰው አንገቱን እንደ ልቡ ማዞር ይጀምራል።

መነሻው መድኃኒት ያለው መርፌ ነበር። የጆን ኤፍ ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል እነዚህን ነጥቦች በማደንዘዣ ይወጉ ነበር፤ ከዴቪድ ሲሞንስ ጋር ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው መጽሐፍም ለሙያው መሠረት ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1979 የቼክ ሐኪሙ ካሬል ሌዊት 241 ሕመምተኞችን መዝግበው ነበር። መርፌው ትክክለኛውን ነጥብ ሲያገኝ ያለ ምንም ማደንዘዣ ሕመሙ እዚያው እንደሚቀል፣ ይህም ከታከሙት 312 ቦታዎች በ87 በመቶው ገደማ እንደታየ ጻፉ። በ2001 ተመራማሪዎቹ ከሚንግስና ዋይት 23 ጥናቶችን ሲገመግሙ ደግሞ በመርፌው የሚገባው ፈሳሽ ዓይነት በውጤቱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ አገኙ። ብዙ ባለሙያ ይህን ግምገማ የደረቅ መርፌ ድል አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኩሌታውን ብቻ ማንበብ ግን ተገቢ አይደለም፤ ያው ግምገማ የመርፌው ውጤት ከፕላሴቦ፣ ማለትም ታካሚው በማመኑ ብቻ ከሚሰማው መሻሻል፣ በላይ መሆኑም ገና አልተረጋገጠም ይላልና። በ2017 የወጣ ሌላ ግምገማ ከማስመሰያ መርፌ ወይም ጭራሹን ካለመታከም ጋር ሲነጻጸር ሕመም እስከ 12 ሳምንት ድረስ እንደሚቀንስ አሳየ፤ የማስረጃው ጥራት ግን ከእጅግ ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ ነበር። ሕመምተኛው ሥራውን በመሥራትና እንደ ልብ በመንቀሳቀስ ረገድ ደግሞ ከሌሎች የፊዚዮቴራፒ ሕክምናዎች ብልጫ አልታየም።

የነጥቦቹ መኖር ራሱ አከራካሪ ነው። በ2015 ተመራማሪው ኩዊንትነርና ባልደረቦቹ የነጥቦቹን ንድፈ ሐሳብ ከሥሩ ተቃውመዋል፤ ሁለት ባለሙያዎች አንድን ትከሻ ለየብቻ ዳስሰው በአንድ ነጥብ ላይ ለመስማማት እንደሚቸገሩም ጥናቶች አሳይተዋል። በሌላ በኩል የጄይ ሻህ ቡድን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ከሚያሙ ነጥቦች በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ሲመረምር ከሕመምና ከብግነት ጋር የተያያዙ ኬሚካሎች ከፍ ብለው ተገኝተዋል፤ የተመረመሩት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። በበኩሌ እዚያ ቦታ አንድ ነገር እንዳለ አምናለሁ፤ ምንነቱ ግን ገና አልተለየም። ስለዚህ ለሕመምተኛ «ቋጠሮውን ፈታሁልህ» ማለት ልክ አይመስለኝም። መርፌ ከክኒን ይልቅ በሚታመንበት በእኛ አገር ይህ አነጋገር ከባድ መዘዝ አለው። በሰውነቱ ውስጥ መርፌ ብቻ የሚፈታው ቋጠሮ እንዳለ ያመነ ሰው በየሳምንቱ ለመወጋት ይመላለሳል እንጂ ትከሻውን ለማጠንከር አይነሣሣም።

ታዲያ ውጤቱ በከፊል ከእምነት የሚመጣ ከሆነ ለምን እንወጋለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መርፌውን የሚወጋው ባለሙያ የሚያደርገውን ስለሚያውቅ በዚህ ሕክምና ላይ ፍጹም የተሸፈነ ጥናት፣ ማለትም እውነተኛውን ሕክምና ማን እንዳገኘ ወጊውም ተወጊውም የማያውቁበት ጥናት፣ መሥራት ይከብዳል፤ የእምነቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነም በቀላሉ አይለይም። ሆኖም አንገቱን ማዞር ያቃተው ሰው ለጥቂት ቀናት ማዞር ከቻለ፣ እስከዚያ ድረስ ሕመሙ የከለከለውን እንቅስቃሴ መጀመር ይችላል። መርፌ የምወጋው ለዚህ ነው። በዴንማርክ ትራፔዚየሳቸውን በሚያማቸው ሠራተኛ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት ክብደት በማንሣት ትከሻን ለይቶ ማጠንከር ምን እንደሚሠራ በግልጽ አሳይቷል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንት ሠሩ፤ ሕመማቸው በጉልህ ቀነሰ፤ ልምምዱን ካቆሙ በኋላም ለውጡ ቆየ። ብስክሌት ብቻ የነዱት ግን ሕመማቸው የቀለላቸው ለጥቂት ጊዜ ነበር። ደረቅ መርፌ እንዲህ ያለ ዘላቂ ውጤት እንዳለው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም።

አደጋውም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ከ20 ሺህ በላይ ሕክምናዎችን የተከታተለ የ2020 ጥናት ከሲሶው በላይ በሚሆኑት ላይ ቀላል ጉዳት መዝግቧል፤ መድማት፣ መበለዝና ሕመም። ከባድ ጉዳት የደረሰው በ20 ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ተብሎ ግን አይናቅም፤ የሳንባ ጫፍ እስከ አንገት ሥር ድረስ ይዘልቃልና መርፌው ከደረሰበት አየር ወደ ደረት ሊገባ ይችላል። ጠንቃቃ እጅ ትራፔዚየስን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ከደረቱ ያርቅና በጣቶቹ መካከል ብቻ ይወጋል። ለቀናት እፎይታ ብቻ ይህን አደጋ መውሰድ አይመዝንልኝም፤ እፎይታው ለልምምድ የሚውል ከሆነ ግን ይመዝናል።

ደረቅ መርፌ ለመታከም ያሰባችሁ ሁሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከተወጋችሁ በኋላ ደረታችሁ ላይ ውጋት ከተሰማችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከአልጋው ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ባለሙያውን፣ «ዛሬ ማታ ቤት ገብቼ የምሠራው እንቅስቃሴ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።