ስለ ቪትዝ

ቶዮታ ቪትዝ በ1991 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ለከተማ የታሰበ ትንሽ መኪና ነበር፤ አዲስ አበባ ግን የቤተሰብ መኪና አደረገችው። ነዳጅ ቆጣቢነቱ ይመሰገናል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በዙሪያው የተከማቸው እውቀት ነው። ስፖኪዮው ቢሰበር ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ፍሬን ሸራው ቢያልቅ የሰፈር መካኒክ ጩኸቱን ሰምቶ ብቻ ይነግርዎታል። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ለዕድሜው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም የሚሉ አሉ። ስስነቱ እውነት ነው፤ ለአገር አቋራጭ ጉዞ እኔም አልመርጠውም። ዋጋው ግን ያለ ምክንያት አልተሰቀለም፤ ገዢው ነገ ልሽጠው ቢል ገንዘቡ እንደማይቀልጥበት ያውቃል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ መምጣታቸውም ደግ ነው። ባትሪያቸውን ፈትቶ የሚጠግን የሰፈር ጋራዥ እስኪበረክት ድረስ ግን ደመወዝተኛው ቪትዙን አጥብቆ ቢይዝ ልክ ነው እላለሁ።